ሙሽራን የማይጠብቀው ፕሮግራም

የሠርክ አዲስ የሠርግ ሙዚቃ ጓድ
የኮምፒውተር ጉዳይ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ቁጥር 14

ቀን፦ ሐሙስ ሚያዝያ 24 ቀን 1988 ዓ.ም.
ቦታ፦ ቦሌ፣ ሩዋንዳ ሰፈር፣ ከአቶ ሰይድ የቴፕና የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቅ ጀርባ ያለው ክፍል
ሰዓት፦ በጥሪው ወረቀት ከቀኑ 9፡00፤ በእውነቱ 9፡50። በመካከል ያለችውን ሃምሳ ደቂቃ ማን እንደበላት ጸሐፊዋ ታውቃለች፤ ስም መጥራት ግን ሥራዋ አይደለም።

የተገኙ
1. ሃምሳ አለቃ ተክለብርሃን፣ ሰብሳቢ፤ የቀድሞ የማርሽ ባንድ ትራምፔት ነፊ
2. አቶ ሰይድ፣ አባል፤ የጓዱ ዘፋኝና የክፍሉ ባለቤት
3. አቶ ሙዘሚል፣ አባል፤ ኪቦርድ ተጫዋች፤ የፊታችን እሑድ የምትዳረው የወ/ሪት ሸሪፋ ወንድም
4. አቶ ዓንዶም፣ አባል፤ ከበሮ መቺ (10፡05 ላይ የደረሱ)
5. ወ/ሪት ሰኪና፣ ጸሐፊ፤ ዘፈኖቹን ኮምፒውተር ውስጥ የምትሞላና በሠርግ ላይ ኮምፒውተሩን የምታጫውት፤ ድምፅ የማትሰጥ

ያልተገኙ
አቶ ገብረኣብ፣ አባል፤ ሳክስፎን ተጫዋች። ምክንያታቸው አልታወቀም። ሳክስፎናቸው ተገኝቷል።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ በጓዱ ደንብ ስብሰባ የሚጸናው አራት ድምፅ ሰጪ አባላት ሲገኙ ነው። በተጠቀሰው ሰዓት የነበሩት ሦስት ናቸው። ሰብሳቢው፣ ባለቤቱ ይምጣ አይምጣ ሳክስፎኑ ከአንድም ሠርግ ቀርቶ እንደማያውቅ አስታውሰው፣ አቶ ዓንዶም እስኪደርሱ እንደ አባል እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረቡ። ተቆጠረ። አቶ ዓንዶም ሲደርሱ ሳክስፎኑ ከወንበሩ ተነሥቶ ጥግ ተቀመጠ። እሳቸውም ሰው ካልነፋው ትንፋሽ በሌለው ዕቃ መተካታቸው እንዳሳዘናቸው ገልጸው ቅሬታቸው እንዲመዘገብ ጠየቁ። ተመዝግቧል።

የዕለቱ አጀንዳዎች
1. ሙዚቃ የምንሞላበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም በአዲስ ስለመለወጥ
2. ስለ እሑዱ የወ/ሪት ሸሪፋ ሠርግ
3. ልዩ ልዩ (ጊዜ ከተረፈ፤ አልተረፈም)

አጀንዳ 1

አቶ ሙዘሚል ከዱባይ በሁለት ዲስክ ያስመጡትን አዲስ ፕሮግራም ከፍተው አሳዩ። ማሳያው ለጥገና የመጣ የደንበኛ ቴሌቪዥን ነው፤ ደንበኛው ሁለት ወር ሙሉ ምኑ እየተጠገነ እንደሆነ እስካሁን አልጠየቀም። አቶ ሙዘሚል እንዳስረዱት፣ በአዲሱ ፕሮግራም ኪቦርዱ ላይ የተመታው ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ይታያል፤ ቤዙ ቀይ፣ ክራሩ አረንጓዴ፣ ከበሮው ቢጫ ነው። አሮጌው ፕሮግራም ግን ቁጥር ብቻ እየደረደረ የስልክ ማውጫ ይመስላል። «ስክሪኑን ብቻ እዩት፣ ፕሮፌሽናል ማለት ይኼ ነው» ሲሉ ደጋግመው ተናግረዋል። ስክሪኑ ታይቷል።

ሰብሳቢው ፕሮግራሙ ምት ያስተካክል እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ሙዘሚል፣ ቀድሞ የመታውንም ዘግይቶ የመታውንም እየጎተተ ቦታው ላይ እንደሚያስቀምጥ መለሱ። ሃምሳ አለቃ ፊታቸው በርቶ፣ ከማርሽ ባንድ ከወጡ ወዲህ በሰዓቱ ቦታው ላይ የሚገኝ ፍጡር ሲጠብቁ ሃያ ሁለት ዓመት እንደሞላቸው ተናገሩ። አቶ ዓንዶም ይህ ንግግር እሳቸውን የሚመለከት መሆን አለመሆኑ እንዲብራራላቸው ጠየቁ። ሰብሳቢው ሁሉንም እንደሚመለከት ሲያብራሩ፣ አቶ ዓንዶም ይሄ ደግሞ የባሰ ነው አሉ።

አቶ ሰይድ በበኩላቸው ጸሐፊዋ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ በአንድ የሞላቻቸው ስልሳ አንድ ዘፈኖች በአዲሱ ፕሮግራም ይከፈቱ እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ሙዘሚል እንደማይከፈቱ፣ አዲሱ የአሮጌውን ዲስክ እንደማያውቀው፣ ስለዚህ ሁሉም እንደገና መሞላት እንዳለባቸው አስረዱ። ማን ነው የሚሞላቸው የሚል ጥያቄ ተነሣ። አባላቱ በሙሉ ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። ጸሐፊዋ እየጻፈች ነበር።

አቶ ሙዘሚል ቀጥለው የአዲሱን ፕሮግራም ዋና ጥቅም ገለጹ። ይኸውም በሠርግ ላይ አንድ ጊዜ ከተነካ በራሱ እስከ መጨረሻው ስለሚሄድ፣ ኮምፒውተሩ ዘንድ ሰው መቀመጥ አያስፈልገውም፤ ወንበሩ ቢነሣ የመድረኩ ቦታም ይሰፋል። ሃምሳ አለቃ ሐሳቡን ደግፈው፣ እንዲህ ከሆነማ ሰኪና በየድንኳኑ መንከራተቱ ይቀርላታል፣ ቃለ ጉባኤ ብቻ እየያዘች ትረፍ፣ ልጅቷም ደክሟታል አሉ። ጸሐፊዋ ማረፍ ትፈልግ እንደሆነ የጠየቃት የለም። ለመዝገብ ያህል፣ አትፈልግም። ያ ወንበር በዚህ ጓድ ውስጥ ያላት ብቸኛ ቦታ ነው፤ ከዚያ ከተነሣች ቀሪው እስክሪብቶ ብቻ ነው።

ድምፅ ሲሰጥ ሃምሳ አለቃና አቶ ሙዘሚል ለአዲሱ፣ አቶ ሰይድና አቶ ዓንዶም ለአሮጌው እጃቸውን አወጡ። አቶ ዓንዶም እጃቸውን ያወጡት ሃምሳ አለቃ ስላወጡ በተቃራኒው መሆኑን አልሸሸጉም። ድምፅ እኩል ሲሆን ሰብሳቢው ያለበት ወገን እንደሚያሸንፍ ደንቡ ስለሚል፦

ውሳኔ 1፦ ጓዱ ከዛሬ ጀምሮ ወደ አዲሱ ፕሮግራም እንዲዛወር፤
ውሳኔ 2፦ ስልሳ አንዱ ዘፈኖች ያሉባቸው የአሮጌው ፕሮግራም ዲስኮች በጫማ ካርቶን ተደርገው ቁም ሣጥን ላይ እንዲወጡ፤
ውሳኔ 3፦ ጸሐፊዋ ከእሑዱ ሠርግ ጀምሮ በኮምፒውተሩ ዘንድ ከመቀመጥ ነጻ እንድትሆን ተወስኗል።

ጸሐፊዋ ውሳኔ 3ን በእጇ ጽፋለች። ጽሕፈቱ ከሌላው መስመር ደመቅ ብሎ ከታየ እስክሪብቶውን ስለተጫነችው ነው።

አጀንዳ 2

አቶ ሙዘሚል የሙሽራ መግቢያውን ዘፈን ለናሙና በአዲሱ ፕሮግራም ሞልተው አምጥተዋል። ተደመጠ። ጥራቱ በሁሉም ተደነቀ። ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ መሆኑ ተገለጸ። አቶ ሰይድ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሲሞላ ሙሽራዋ ገና መንገድ ላይ ከሆነች ምን እንደሚሆን ጠየቁ። አቶ ሙዘሚል ዘፈኑ እንደሚያልቅ መለሱ። አቶ ሰይድ እሱማ ገብቶኛል፣ ከዚያስ አሉ። ከዚያ በኋላ ያለው አልታሰበበትም።

ለማያውቅ አንባቢ ሲባል ይህ ይመዝገብ። ሙሽራ ከድንኳኑ በር ተነሥታ ወንበሯ ላይ እስክትቀመጥ በመንገዷ ያሉትን የዘመድ ሽማግሌዎች ጉልበት ትስማለች። ስንት ጉልበት እንዳለ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። አንዱ ይመርቃል፣ ሌላው ያለቅሳል፣ ሦስተኛዋ አክስት አንገቷን አቅፋ አልለቅም ትላለች። በአሮጌው ፕሮግራም ዘፈን የሚሞላው በቁራጭ በቁራጭ ስለሆነ፣ የኮምፒውተሩ ረጅሟ ቁልፍ እስክትነካ ድረስ ያው ቁራጭ እየዞረ ይመታል። ጸሐፊዋ ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው ለዚህ ነው። የሙሽራዋን እግር ታያለች፤ እግሩ ሲቆም ታዞረዋለች፣ ሲራመድ ታሳልፈዋለች። ይህን ሁሉ ጸሐፊዋ የጻፈችው ሳትጠየቅ ነው፤ ሰብሳቢው ሲያነቡት ያያሉ።

አቶ ሙዘሚል አዲሱ ፕሮግራምም ማዞር እንደማያቅተው፣ ችግሩ የመመሪያው መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ መሆኑ፣ በጀርመንኛ መጻፉና ከገጽ 40 እስከ 58 ያለው መጥፋቱ ብቻ እንደሆነ ገለጹ። ጀርመንኛ የሚያውቅ አባል ተጠየቀ። አቶ ዓንዶም የጎረቤታቸው ልጅ ጀርመን አገር እንዳለች ተናገሩ። ለዚህ ስብሰባ እንደማትደርስም አረጋገጡ።

ዘፈኑን ወደ አሥራ አምስት ደቂቃ ማስረዘም የሚል አማራጭም ቀረበ። አቶ ሰይድ፣ «ወላሂ፣ ሙሽራዋ ተቀምጣ፣ በልታ፣ እጇን ታጥባ እኔ ነይ ግቢ እያልኩ ልዘፍን ነው?» ብለው ስለተቃወሙ አማራጩ ወደቀ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ነገሩ በተግባር እንዲፈተሽና ከአባላቱ አንዱ ሙሽራ ሆኖ እንዲገባ ተወሰነ። አቶ ሰይድ መዝፈን ስላለባቸው በአንድ ጊዜ ዘፋኝም ሙሽራም መሆን እንደማይችሉ ገለጹ። ሰብሳቢው ሌላው ሲያመነታ ኃላፊነቱን ራሳቸው ወሰዱ። የኪቦርዱ መሸፈኛ ጨርቅ ዓይነ ርግብ ሆነ። ሁለት በርጩማ፣ አንድ ጀሪካንና የሳክስፎኑ ሣጥን በሽማግሌዎች ጉልበት ምትክ ተደረደሩ። ከበሩ እስከ ወንበሩ ያለው ርቀት በእርምጃ ተለካ፤ ድንኳን ስለሚሰፋ ክፍሉን ሦስት ጊዜ መዞር በቂ ነው ተባለ።

የመጀመሪያው ሙከራ ውጤት፦ ሃምሳ አለቃ ደረታቸውን ነፍተው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ አራቱንም ጉልበት ስመው በአንድ ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ ወንበራቸው ላይ ተገኙ። ጀሪካኑ ፊት ቆመው ሰላምታ መስጠታቸው ታይቷል። ቀሪውን ሁለት ደቂቃ ተኩል ዓይነ ርግባቸውን እንደደፉ ተቀምጠው ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቁ። ሰብሳቢው ፕሮግራሙ ለሙሽራ ከበቂ በላይ ጊዜ እንደሚሰጥ ተረጋግጧል አሉ። አቶ ሰይድ እንዲህ የምትራመድ ሙሽራ ብትመጣ እንግዳው ከማን እየሸሸሽ ነው ብሎ እንደሚጠይቃት ተናገሩ።

ሁለተኛው ሙከራ በአቶ ዓንዶም ተደረገ። አቶ ዓንዶም አንገታቸውን ደፍተው፣ አንድ እርምጃ እየሄዱ ሁለቴ እየቆሙ፣ የመጀመሪያውን በርጩማ ሳሙ፣ ተመረቁ (አቶ ሰይድ መረቋቸው)፣ ወደ ሁለተኛው ዝቅ እንዳሉ ዘፈኑ አለቀ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከጎን ካለው ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲደበደብ ተሰማ። አቶ ዓንዶም ለመነሣት መመሪያ ስላልተሰጣቸው እንደጎነበሱ ቆዩ። በኋላም ጎንበስ እንዳሉ፣ እሳቸው በርጩማ ፊት እንዲህ ካፈሩ ሰው ፊትማ እንዴት ሊሆን ነው ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው ተባለና ቀና እንዲሉ ተፈቀደላቸው።

ይህን ተከትሎ ሰብሳቢው ፕሮግራሙ አንዴ ተወስኖ ስላለቀ፣ የሚስተካከለው ሙሽራዋ መሆኗን አስገነዘቡ። ብዙ ሐሳብ ቀረበ። ጉልበት ከእያንዳንዱ ወገን በሁለት ይወሰን፣ የቀሩት ዘመዶች በተወካይ ይሳሙ የሚለው ሲነሣ፣ አቶ ሙዘሚል በእሑዱ ሠርግ ስንት ሽማግሌ እንደሚገኝ ተጠየቁ። በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ወረቀት ጠየቁ። በእናታቸው በኩል ብቻ ሃያ ስድስት መሆኑን አስታውቀው፣ የአባታቸውን ወገን ሳይጀምሩ ወረቀቱን መለሱ። አቶ ሰይድ ወሎ ያለች አክስታቸውን ጉልበትሽ በተወካይ ተስሟል ቢሏት አገራቸው መግባት እንደማይችሉ አሳሰቡ። አቶ ሙዘሚል ግን ፕሮግራሙን ያመጡት እሳቸው ስለሆኑ ወደኋላ ማለት አልሆነላቸውም። ስለዚህ፦

ውሳኔ 4፦ ሙሽሮች በሦስት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ውስጥ መቀመጥ እንዳለባቸው በደብዳቤ እንዲገለጽላቸው፤
ውሳኔ 5፦ የሚሳም ጉልበት ከአራት እንዳይበልጥ፤
ውሳኔ 6፦ ሽማግሌዎች በር ላይ በአንድ መስመር፣ ጉልበታቸውን ወደፊት አውጥተው እንዲቀመጡ፤ ምርቃት በአጭሩ ሆኖ አሜን መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ በጋራ እንዲባል፤
ውሳኔ 7፦ ሃምሳ አለቃ ነገ ዓርብ ለወ/ሪት ሸሪፋ የእርምጃ ልምምድ እንዲሰጡ በሦስት ድጋፍ በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል። የተቃወሙት አቶ ሰይድ ናቸው። አቶ ዓንዶም የደገፉት ልምምዱን ቆመው ለማየት ስለፈለጉ ነው።

ልክ 11፡20 ሲሆን በር ተንኳኳ። የገባችው ሙሽራዋ ወ/ሪት ሸሪፋ ናት። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ቀሚሷን ለክታ ስትመለስ ወንድሟን ልትጠይቅ ጎራ ያለች ሲሆን፣ አባል ባትሆንም ጉዳዩ የሚመለከታት በመሆኑ እንድትቀመጥ ተፈቀደ። የውሳኔ 4 ደብዳቤ ገና ስላልተጻፈ ሰብሳቢው ከ4 እስከ 7 ያለውን በቃል አሰሟት።

ወ/ሪት ሸሪፋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞራ «አባባስ?» አለችው።

ወ/ሪት ሸሪፋ ለኮሚቴው ስታስረዳ፣ አያታቸው አባባ ኑሪ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ሁለቱን ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። ለዚህ ሠርግ ሲሉ ትናንት ከቡታጅራ መጥተዋል። እዚያው ተቀምጠው ጉልበታቸው እንዲሳም ሲነገራቸው እምቢ አሉ። «እኔ ነኝ ተነሥቼ የምቀበላት፤ ከበሩ ይዣት ገብቼ ራሴ አስቀምጣታለሁ» ብለዋል። ዱላ ይይዛሉ። ከአልጋቸው ተነሥተው በሩ ጋ እስኪደርሱ ሻይ ተጥዶ ይፈላል።

ቀጥላም፣ «ጋሼ ተክለብርሃን፣ አባባ ድንኳኑ መሐል ሲደርሱ ሙዚቃው ቢያልቅ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የዱላቸውን ድምፅ ሊሰማ ነው? ያፍራሉ እኮ። በእኔ ምክንያት እንዲያፍሩ አልፈልግም» አለች። ሃምሳ አለቃ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አቶ ሙዘሚል ስክሪኑን ሲያዩ ቆዩ። ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ቢጫውም ከሦስት ደቂቃ ከአርባ በኋላ የለም።

ወ/ሪት ሸሪፋ ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። በጓደኛዋ በኑራ ሠርግ ላይ ኮምፒውተሩ ኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ አይታ ነበር። ልጅቷ የኑራን እግር እንጂ ስክሪኑን አንዴም ቀና ብላ አላየችም፤ ኑራ እናቷ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ ሙዚቃው አብሯት ቆየ። «እኔ ይህን ጓድ ምረጡልኝ ያልኩት በሷ ምክንያት ነው። የት ሄደች?» አለች።

ጸሐፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አወጣች። ሰብሳቢው ጸሐፊ በደንቡ እንደማትናገር ሊያስታውሱ ጀምረው ተዉት። ጸሐፊዋ «እኔ ነኝ፤ ከወንበሩ አንሥተውኛል» አለች። ከዚያም፣ ስልሳ አንድ ዘፈን ሞልታ፣ ሁለት ዓመት የሰው ልጅ እግር እያየች አጫውታ፣ ከቦታዋ ሲያነሷት ግን ከአራቱ አንዱ እንኳ ምን ትያለሽ ብሎ እንዳልጠየቃት ተናገረች። «ከፍቶኛል፤ በጣም ነው የከፋኝ» አለች። ሃምሳ አለቃ ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ ይግባ ወይ ብለው ጠየቁ። ገብቷል አለች።

አቶ ሙዘሚል ተነሥተው ቆሙ። ያመጡት ፕሮግራም ቆንጆ መሆኑን አሁንም እንደሚያምኑ፣ ነገር ግን ስለ ሠርግ ሲያስቡ የገዛ አያታቸውን እንደረሱ በግልጽ ተናግረው፣ ከ1 እስከ 7 ያለው እንዲሻር ራሳቸው ሐሳብ አቀረቡ። ለጸሐፊዋም «ሰኪና፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በይኝ» አሏት። ይቅር ማለቷ ተመዝግቧል፤ ለጊዜው በከፊል። አቶ ሰይድ ሐሳቡን ደገፉ። አቶ ዓንዶም ሃምሳ አለቃም እጃቸውን ስላወጡ ለአንድ አፍታ ተቸግረው፣ ኋላ እሳቸውም አወጡ።

ውሳኔ 8፦ ከውሳኔ 1 እስከ ውሳኔ 7 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ጓዱ ባለበት በአሮጌው ፕሮግራም ይቀጥላል። አዲሱን አቶ ሙዘሚል ቤታቸው ይለማመዱበት። ጸሐፊዋ እሑድ ቦታዋ ላይ ትቀመጣለች።

በመጨረሻ ሰብሳቢው ለሠርጉ አስተናጋጆች የሚሰጠውን የዕለቱን መርሐ ግብር ሲሞሉ፣ የመግቢያው ዘፈን ርዝመት ስንት ደቂቃ ተብሎ ይጻፍ ሲሉ ጸሐፊዋን ጠየቋት። ጸሐፊዋም «አባባ ኑሪ እስኪደርሱ» አለች። ርዝመቱ ይኸው እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ጸድቆ፣ ስብሰባው 12፡05 ላይ ተዘግቷል።